በሁለት ስንኝ መካከል

ድምፃዊው አንዱን ስንኝ ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ያለችው ክፍተት ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ አትበልጥም። ዘፋኙ ትንፋሽ ይስብባታል። አድማጩ የሰማውን ቃል ያብላላባታል። መሣሪያው ደግሞ መልስ ይሰጥባታል። በ1990ዎቹ በካሴት የወጡትን የአማርኛ የፍቅር ዘፈኖች በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ የሚያደላው ወደዚያች ክፍተት ነው። የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ሥራ የሚገናኘው እዚያ ነውና።

ስለ እነዚህ ዘፈኖች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ናፍቆት ነው። የትምህርት ቤት ጊዜ፣ የመጀመሪያ ፍቅር፣ የታክሲ ውስጥ ቴፕ ይነሳል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ናፍቆቱ ሥራውን ይሸፍነዋል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ታክሲ የሰማናቸው ብዙ ዘፈኖች ዛሬ ስማቸውም አይነሳም። የቀሩት ሲገጣጠሙ ብዙ የተደከመባቸው ናቸው። እኔ ማየት የምፈልገው መገጣጠሚያቸውን ነው።

ከግጥሙ እጀምራለሁ። የፍቅር ዘፈን ግጥም በብዛት የሚመላለሰው «የወል ቤት» በሚባለው ምጣኔ ነው። አንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው። ስድስት ተብሎ ጥቂት ይታረፋል፤ ሌላ ስድስት ተብሎ ቤት ይመታል። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው፤ ቡሄ በሉ አራት በአራት። አጭሩ ለጭፈራ ይመቻል። የወል ቤት ለማሰብ ፋታ ይሰጣል። ቀለም የሚቆጠረው በፊደል ሳይሆን በአፍ ነው። «መስኮትሽ» ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ ሲባል ግን ሦስት ቀለም ብቻ ነው፦ መስ፣ ኮ፣ ትሽ። ገጣሚው ወረቀት ላይ የሚለካው ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ካልሆነ ስቱዲዮ ሲደርስ ይጎድላል ወይም ይተርፋል።

የሰው ግጥም ከማነሳ ለማሳያ ያህል ሁለት ስንኝ ራሴ ልግጠም፦

መስኮትሽ ስር ቆሜ ዝናቡ ሲመታኝ፣
ልሂድ ብዬ ነበር ፍቅርሽ ነው ያልፈታኝ።

ቀለሙ ይሞላል። ስድስት በስድስት፣ ሁለት ጊዜ። ቤቱም ይመታል፤ በወረቀት ላይ ሁለቱም ስንኞች «ታኝ» ብለው ያልቃሉ። አሁን ጮክ ብላችሁ በሉት። በ«ሲመታኝ» ውስጥ ያለው «ታ» ላላ ያለ ነው። በ«ያልፈታኝ» ውስጥ ያለው ይጠብቃል፤ ምላስ ከጥርስ ጀርባ ለቅጽበት ትቆማለች፣ ድምፅ ይቋረጣል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም። ዜማው ግን ሊያውቀው ግድ ነው።

ለምን? የዜማ ደራሲው ለሁለቱም ስንኝ አንድ ዓይነት ዜማ ሰጥቷል እንበል፤ የተለመደውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ስንኝ «መ» ላይ ድምፁን የፈለገውን ያህል መሳብ ይችላል፦ «ሲመ—ታኝ»። ጆሮ አይከፋውም። በሁለተኛው ስንኝ በዚያው ቦታ ያለው «ፈ» ነው። «ያልፈ—ታኝ» ብሎ ከሳበው ጥብቀቱ ይሟሟል። ቃሉ የሚያውቁት ሰው በባዕድ አነጋገር ሲናገረው ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ዘፋኝ ሁለተኛውን ስንኝ እንደ መጀመሪያው አይዘፍነውም። «ፈ»ን ያሳጥራታል፣ ጥብቀቱን በአጭር ዝምታ ያሳልፋል፣ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ለ«ታ» ይሰጣታል። ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ዜማው ያው ነው፣ ርዝመቱም ያው ነው፤ ውስጡ ግን ተሸጋሽጓል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጥፋቱ ከአነጋገር አልፎ ፍቺ ይለውጣል። «ይሰማል» ላልቶ ሲባል ሰሚ አለ፤ ጠብቆ ሲባል የሚሰማ ድምፅ አለ። በፍቅር ዘፈን ውስጥ የምትሰማው እሷ ናት ወይስ የሷ ድምፅ ነው የሚሰማው የሚለው በአንድ ኖታ ርዝመት ይወሰናል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ዘፋኝ የሚስበው ድምፅ አፍ የሚከፈትበትን ነው። ራብዕና ሳብዕ ይሳባሉ፤ «ታ»፣ «ቆ»፣ «ና»። ሳድስ አይሳብም፣ አፍ ውስጥ ይታፈናል። «ናፍቆት» የሚለው ቃል ስንኝ መጨረሻ ላይ ሲውል ዘፋኙ «ቆ» ላይ ቆይቶ «ት»ን በመጨረሻ መዝጊያ አድርጎ ያስቀምጣታል። «ታኝ» ከዚህም ይመቻል፤ «ታ» ተከፍታ ትቆይና «ኝ» በአፍንጫ እየጠፋች ትዘጋዋለች። እኔ ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ፍቅርሽ ነው ያልፈታኝ» ብያለሁ። «ልቤ ነው ያልፈታኝ» ማለትም ይቻላል፤ ቀለሙ እኩል ነው። ገጣሚ «ፍቅርሽ»ን ይመርጣል፤ ላይ ካለው «መስኮትሽ» ጋር በ«ሽ» ይያያዝለታል። ዘፋኝ «ልቤ»ን ይመርጣል፤ «ቤ» ላይ ድምፁን ማሳረፍ ይችላል፣ «ፍቅርሽ» ግን ሁለቱም ቀለሙ ዝግ ነው። በጥሩ ዘፈን ጀርባ እንዲህ ያለ ክርክር አለ፤ የሚፈታውም ስቱዲዮ ውስጥ ደጋግሞ በመዝፈን ነው።

ወደ ዜማው ስንሻገር ቅኝት እናገኛለን። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉም። ከአምስቱ ድምፆች መካከል ጎን ለጎን ሆነው በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ አይገኙም። በዚህ ምክንያት አንዱ ድምፅ ሌላውን በጉልበት አይጎትተውም፤ ዜማው የፈለገው ቦታ ቢያርፍ ያረፈ ይመስላል። ትዝታ ማይነር ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ወዲያው ሁለት ጠባብ ቦታዎች ይፈጠራሉ፦ በሬና በሚ መካከል፣ በሶልና በላ መካከል። ከላ ወደ ሶል ሲወረድ የሚሰማው ያ የመሰበር ስሜት ከዚያ ጥበት የመጣ ነው። የመለያየት ዘፈኖች ይህን መውረጃ ይወዱታል። ባቲና አምባሰልም የየራሳቸው ጠባብ ቦታ አላቸው፤ የፖፕ አቀናባሪዎች ግን ከሁሉ አብዝተው የተመላለሱት በትዝታ ላይ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አቀናባሪው የሚገጥመው ችግር አለ። ኪቦርድ ይዟል፤ ኮርድ መምታት ይፈልጋል። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ሳይቸገር የሚያገኘው ሁለት ኮርድ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል አለ። ላ፣ ዶ፣ ሚ አለ። ሦስተኛውን ሲፈልግ ከቅኝቱ መውጣት አለበት። በሶል ላይ የሚቆመው ኮርድ ሲን ይፈልጋል፤ ሲ ደግሞ ዘፋኙ የማይነካው ድምፅ ነው። ግድየለሽ አቀናባሪ ሲን ይጨምራታል፣ ዜማው ባዕድ ቤት የገባ ይመስላል። ጠንቃቃው ሲን ትቶ ሶልና ሬን ብቻ ይመታል፤ ኮርዱ መሐሉ ባዶ ሆኖ ይቆማል፣ ደስታም ሐዘንም አይልም። ወይም በሲ ቦታ ዶን ያስገባል። ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ዘፋኙ ላ ላይ ቆሞ እያለ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ወደ ፋ ይወርዳል። ፋ በቅኝቱ ውስጥ የለችም። ዘፋኙም አይነካትም። ከሥር ግን ተዘርግታለች፤ እስካሁን ጠባብ የነበረው ክፍል ግድግዳው ወደ ኋላ የሄደ ያህል ይሰፋል። ይህን በየስንኙ ካደረገው ይሰለቻል። አዋቂ ሰው ለአዝማቹ ያስቀምጠዋል፣ እዚያም አንዴ ብቻ።

ምቱን በአጭሩ ልለፈው። ጭክጭካ በአንድ ባር ስድስት ምት አለው፤ ስድስቱ ሦስት ሦስት እየሆነ ሊቆጠር ይችላል፣ ሁለት ሁለት እየሆነም ይችላል፣ ጣዕሙም ያለው አካል በአንዱ ሲቆጥር ዜማው በሌላው በመቁጠሩ ነው። በ1990ዎቹ ለስለስ ያሉት የፍቅር ዘፈኖች ግን ከዚህ ወጥተው በአራት ምት የሚሄዱትን ምዕራባዊ ስልቶችና ሬጌን አዘወተሩ። በሬጌ ከባዱ ምት የሚያርፈው ሦስተኛው ላይ ነው፤ አንደኛው ባዶ ይተዋል። ጊታሩ ወይም ኪቦርዱ በምቶቹ መካከል አጭር አጭር ይቆርጣል። ይህ ስልት ለአማርኛ ስንኝ ያልታሰበ ጥቅም አለው። አንደኛው ምት ባዶ ስለሆነ የስንኙ የመጀመሪያ ቃል ከበሮ ሳይጫነው ጥርት ብሎ ይሰማል።

አሁን ወደ ክፍተቷ እንመለስ። እዚያ መልስ የመስጠት ልማድ ከኪቦርድ በፊት የነበረ ነው። አዝማሪ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ያላትን ማሲንቆ ይዞ ሲዘፍን መሣሪያው በዜማው ላይ ከድምፁ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ድምፁ ሲያርፍ ግን ማሲንቆዋ ብቻዋን ትቀጥላለች፣ የተባለውን ትደግመዋለች፣ ታስጌጠዋለች፣ ለሚቀጥለው ስንኝ መነሻ ድምፁን ትሰጣለች። ትላልቆቹ ባንዶች ይህን ሥራ ለሳክስፎንና ለትራምፔት ሰጡት። የካሴት ዘመን መገባደጃ ላይ ደግሞ፣ ባንድ ቀጥሮ ስቱዲዮ ማስገባት ሲከብድ፣ ሥራው በአንድ ሰው ሁለት እጅ ላይ ወደቀ።

ኪቦርድ ላይ የሚመታው ቁልፍ ነው። አንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ በሁለት ቁልፍ መካከል ያለው የለም። የማሲንቆ ጣት ግን ክሩ ላይ ይንሸራተታል። ይህን ርቀት የሚሞላው በግራ እጅ በኩል ያለችው ድምፅ ማጠፊያ ጎማ ናት። ቀኝ እጅ ቁልፉን ሲመታ ግራ እጅ ጎማዋን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና ቀስ ብሎ ወደ ልኳ ይለቃታል። ድምፁ ከታች ተነስቶ ቦታው ላይ ይደርሳል። ቶሎ ከተለቀቀች አይሰማም። ከዘገየች መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል። በጥሩ እጅ ላይ የምትፈጀው ጊዜ አንድ ዘፋኝ ወደ ድምፁ ለመንሸራተት የሚፈጅበትን ያህል ነው። የኪቦርዱ ሳክስፎን ሳክስፎን እንዳልሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጣቱ ግን አማርኛ ይናገራል።

መልሱ ራሱ ምን ይላል? ከላይ በገጠምኩት ስንኝ ላይ ላሳይ። ዘፋኙ «ሲመታኝ» ብሎ አረፈ። ሰነፍ መልስ ቦታውን በብዙ ኖታ ይሞላዋል። የሠለጠነው የዘፋኙን የመጨረሻ ሦስት ድምፆች ይወስዳል፣ በአንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይደግማቸዋል፣ አራተኛውን ይጨምርና ዝም ይላል። ያቺ አራተኛ ድምፅ የሁለተኛው ስንኝ መነሻ ናት። አድማጩ ሳይነገረው «ልሂድ» የሚለው ቃል ከየት እንደሚነሳ ሰምቶታል። ቃሉ ሲመጣ ቦታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ያለው መልስ ደግሞ ከመጀመሪያው መለየት አለበት፤ እዚያ ሐሳቡ አልቋልና መነሻ ሳይሆን ማረፊያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ዘፈን ስሰማ ሰውየው ግጥሙን አላነበበም እላለሁ።

ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድሜ የማገናኘው ከአቀናባሪው ከኤልያስ መልካ ስም ጋር ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ሰው ነበር። በገና የተባለው ስቱዲዮ የእሱ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ከወጣው ከቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ጀምሮ የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የሚካያ በኃይሉን «ሸማመተው»፣ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» የነካ እጅ ነው። እነዚህን አልበሞች በተከታታይ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው አለመመሳሰላቸውን ነው። ለእዮብ የሬጌውን ቤዝ ከፊት አምጥቶ ድምፁን ለብቻው ትቶታል፤ ዝግ ያለው፣ ወደ ንግግር የሚጠጋው አዘፋፈን ከጎኑ ጌጥ አይፈልግም ነበር። የሚካያ ድምፅ ለስላሳና ቅርብ ነው፤ በዙሪያው ያለው ሙዚቃም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጅበዋል። አንድ ሰው ብዙ አልበም ሲያቀናብር ፊርማው በሁሉም ላይ ቢታይ አይገርምም። ኤልያስ ግን ዘፋኙን አስቀድሞ የሰማ ይመስላል።

የቼሎ ትምህርቱም የሚሰማኝ ቦታ አለ። ባለ ክር መሣሪያዎቹ ከድምፃዊው ሥር ረዥም ድምፅ ይዘው ሲቆዩ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚገቡት፤ የወንድ ድምፅ ካለበት አካባቢ ጥቂት ዝቅ ብለው። የሚገቡበትን ቅጽበት ለማግኘት ሆን ብሎ ማዳመጥ ይጠይቃል። ሲወጡ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ዘፈኑ በድንገት ይሳሳል። የማይሰማ መግቢያና የሚሰማ መውጫ መሥራት ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ድምፁ ከዜሮ ተነስቶ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ማለት አለበትና። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

በዚያው የካሴት ዘመን ሌላ መንገድም ነበር። ጂጂ፣ እጅጋየሁ ሽባባው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ ያወጣችው አልበም በቢል ላዝዌል ፕሮዲዩሰርነት አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዋይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኪቦርድ ይሞላ የነበረው ክፍተት እዚያ በዓለም ስማቸው በገነነ የጃዝ ሰዎች ትንፋሽ ተሞላ። ሁለቱን አሠራር ማበላለጥ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ደስ ይለኛል፦ ከዚያ ሁሉ ባለሙያ መካከል ድምፁ የሚቀድመው የጂጂ ነው፤ ከዝማሬና ከባላገር ዘፈን ያመጣችው የድምፅ መርገብገብ ላይ ማንም አልደረበም። እነዚያ ሰዎች መቼ ዝም እንደሚባል ያውቁ ነበር።

በዚያን ጊዜ ዘፈኖች ውስጥ አድራሻው ሩቅ የሆነ ፍቅር ይበዛል። የዲቪ ዕጣ የደረሰው አሜሪካ ይሄድ፣ ሥራ ፈላጊዋ ቤይሩት ወይም ዱባይ ትሄድ፣ የቀረው ይዘፍን ነበር። ይህም በአሠራሩ ላይ አሻራ አለው። ዘፈኑ የሚነገረው ለሦስተኛ ሰው ስለ እሷ አይደለም፤ በቀጥታ ለእሷ ነው፣ «አንቺ» እየተባለ። በዚህ ምክንያት «ሽ» በየቃሉ ጫፍ ላይ ይገኛል። መስኮትሽ፣ ፍቅርሽ፣ ናፍቆትሽ፣ የት ነሽ።

እና «ሽ» ለካሴት ጠላት ናት። ነገሩን ለመረዳት ካሴቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ቴፑ ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ስፋት ላይ አራት መስመር ይቀዳል፤ ለአንዱ ገጽ ግራና ቀኝ፣ ለሌላው ገጽ ግራና ቀኝ። የሚጓዘው በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 14 ሜትር ከሩብ ገደማ ቴፕ ይወስዳል። መስመሩ ቀጭን፣ ጉዞው ዝግ ያለ በመሆኑ ላይኛው፣ ስል የሆነው የድምፅ ክፍል በቀላሉ ይጎዳል። የቴፑ የራሱ ሹክሹክታም የሚኖረው እዚያው ላይ ነው። «ስ» እና «ሽ» ጉልበታቸው ያለው በዚሁ ክፍል ነው። ከልክ በላይ ከተቀዱ ይሰነጠቃሉ፣ ወደ ፉጨት ይለወጣሉ። ከልክ በላይ ከተቀነሱ ዘፋኙ ጥርሱን የተነቀለ ይመስላል። ሚክስ የሚያደርገው ባለሙያ «ሽ» በመጣች ቁጥር ብቻ ላይኛውን ክፍል ለቅጽበት ጫን አድርጎ መልሶ ይለቀዋል። ጥሩ ሚክስ ላይ «የት ነሽ» ሲባል «ሽ» ትሰማለች፣ አትወጋም። ጥሩ ማዳመጫ ያለው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ዘፈን ላይ ይህን ብቻ ተከትሎ ቢያዳምጥ የባለሙያውን ጥንቃቄ ከዳር እስከ ዳር ያየዋል።

ይህ ሁሉ የሚደመጠው ደግሞ በሚኒባስ ታክሲ ድምፅ ማጉያ ነበር። ቤዙ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፤ ግራና ቀኝ የሚባለው ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ድምፃዊው ከሁሉ ጮክ ብሎ መሐል ላይ ይቀመጣል። የዛሬ ወጣት አቀናባሪ ድምፁ ከሙዚቃው በላይ ወጥቷል ብሎ ሊተቸው ይችላል። ግን ቃሉ በኋላ ወንበር ላይ ላለው ተሳፋሪ መድረስ ነበረበት። ተቀባዮቹ ከአዝማቹ ጋር ሲገቡ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተደርቦ ይቀዳና አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ መሐሉ ለድምፃዊው ይለቀቃል። በታክሲው ድምፅ ማጉያ ላይ ሦስቱም ይደራረባሉ፤ ቢሆንም መደረቡ ራሱ አዝማቹን ያወፍረዋል። ለሁለት ዓይነት ጆሮ በአንድ ጊዜ የተሠራ ሥራ ነው።

ዛሬ እነዚህ ዘፈኖች በብዛት የሚገኙት ከካሴት ተገልብጠው በኢንተርኔት ላይ ነው። ሁለት ጉዳት ደርሶባቸዋል። አንዱ የፍጥነት ነው። የገለበጠው ቴፕ ማጫወቻ በመቶ ሦስት እጅ ከፈጠነ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ግማሽ፣ ማለትም በሩብ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል። ድምፃዊው በጥቂት ዓመት ያንሳል፣ የሚስባቸው ድምፆች ያጥራሉ። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ኪቦርድ ከፍቶ ከዘፈኑ ጋር መምታት። ዜማው በሁለት ቁልፍ መካከል ከወደቀና ከየትኛውም ጋር ካልገጠመ ፍጥነቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። በኮምፒውተር ወደ ልኩ መመለስ ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የጆሯችን ትዝታ ሆኖ የሚቀረው የተሳሳተው ቅጂ እንዳይሆን ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰዎች ቢያደርጉት እመኛለሁ።

ሁለተኛው ጉዳት የስም ነው። ናሆም፣ አምባሰል፣ ኤሌክትራና ሌሎቹ አሳታሚዎች ባወጧቸው ካሴቶች የሽፋን ወረቀት ላይ ከየዘፈኑ አጠገብ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ይጻፍ ነበር። ከሥር በደቃቅ ፊደል ቀረጻና ሚክሲንግ፣ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ተቀባዮች ይከተላሉ። በተገለበጠው ቅጂ ላይ ያለው የዘፋኙ ስምና ርዕሱ ብቻ ነው፤ «ፈ»ን ያሳጠረውን፣ ፋን ለአዝማቹ ያቆየውን፣ «ሽ»ን የገራውን ሰው ማንም አይጠቅሰውም። ኤልያስ መልካ ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲጀምር አንዱ ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ሥራው ሲሸጥ የሠሩት ሁሉ እንዲታወቁና ድርሻቸውን እንዲያገኙ። የሽፋን ወረቀቶቹ ግን አሁንም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ያላቸው ሰዎች ውስጡን ፎቶ አንስተው ስሞቹን ከዘፈኖቹ ሥር ቢጽፏቸው፣ የሚቀጥለው አድማጭ አንድ መልስ ደስ ሲለው የማን እጅ እንደሆነ አይቶ ያንኑ እጅ በሌላ ዘፈን ውስጥ መፈለግ ይችላል።